የቮልስና የላዳ ዕርቅ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ወደ ውሃው በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በአንድ የቁልቋል አጥር የተለያዩ ሁለት ግቢዎች አሉ። በአንደኛው ልብስ ሰፊው አብዱልሰመድ ይኖራል፤ በሌላኛው ጡረተኛው የሒሳብ መምህር አራጋው። አብዱልሰመድ በንጉሡ ጊዜ፣ በ1958 ዓ.ም. የተሠራች ነጭ ቮልስ አለችው። አራጋው በደርግ ጊዜ፣ በ1977 የተሠራች ሰማያዊ ላዳ ነበረችው።

ሁለቱ ሰዎች ለሠላሳ ዓመት ያህል በየማለዳው በዚያ አጥር ላይ ይሟገቱ ነበር። ነገሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የትኛዋ መኪና ትበልጣለች?

አብዱልሰመድ የልብስ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይወጣና ቮልሷን ያስነሳል። ቮልሷ አንዴ ታስላለች፣ ሁለቴ ታስላለች፣ ሦስተኛው ላይ ትነሳለች። አራጋው መዶሻ ይዞ ይወጣል። የላዳዋ ሞተሪኖ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው፣ በመዶሻ ካልተመታ አይሠራም።

«አራጋው፣ ዛሬም ገረፍካት?»

«የደርግ ልጅ ናት፤ ሳትመታ አትሰማም። ያንተዋስ ስንቴ እጅ ነሥታ ነው የምትነሳው?»

«አክብሮት ታውቃለቻ! ደግሞ የኔዋ ውሃ የሚባል ነገር አትቀምስም። ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ናት። ያንተዋ ውጫሌ እስክትደርስ ሁለት ጀሪካን ትጨልጣለች።»

«ውሃ የማይጠጣ ነገር ወይ ድንጋይ ነው ወይ ቮልስ ነው። ሰው ልቡ ከፊቱ ነው፣ መኪናም ሞተሯ ከፊቷ ነው። ልቡን ከጀርባው ደብቆ የሚሄድ የንጉሡ ባለሟል ብቻ ነው።»

አራጋው በዚህ አያበቃም። ቮልሷ ሁለት በር ብቻ ስላላት፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ከፊት ያለው ካልወረደለት እንደማይወርድ ያነሳል፤ «እሱ ጉዞ አይደለም፣ ደጅ ጥናት ነው» ይላል። አብዱልሰመድም የላዳዋን የቤንዚን መለኪያ ያመጣል። መለኪያው ላዳዋ ከተገዛች ጀምሮ ታንከሩ ሙሉ ነው እንዳለ ነው። አራጋው በዚህ መለኪያ የተነሳ ስድስት ጊዜ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ስድስቱንም ጊዜ መለኪያው ሙሉ ነበር። «የዚያን ጊዜ ራዲዮ ነው» ይላል አብዱልሰመድ፤ «ሁልጊዜ ድል ነው።» ከዚያ ደግሞ ማሞቂያዋ አለ። ላዳ ለበረዶ አገር የተሠራች ናት። የማሞቂያው ቁልፍ ተጣብቆ ስለቀረ፣ የአራጋው ተሳፋሪዎች በጥርም በግንቦትም ላባቸውን እየጠረጉ ይወርዳሉ።

የአብዱልሰመድ ሚስት ረቢያ ሻዩን በአጥሩ ላይ ታቀብላለች፤ እነሱ ይጠጣሉ፣ ይሳደባሉ፤ ከዚያ አንደኛው ወደ ስፌቱ ሌላኛው ወደ ጋዜጣው ይሄዳል። አራጋው ባለቤቱ የሞተችበት ሰው ነው። ልጆቹ ሩቅ ናቸው። ከዚያ ጠዋት ሌላ የሚያወራበት ጊዜ ብዙ የለውም።

በ2010 ለውጥ መጣ ተባለ። ሰው ሁሉ ይቅር ለእግዜር ይባባል ጀመር። ለቀበሌውም ደብዳቤ ደረሰው፤ በአካባቢው የተጣሉ ወገኖችን አስታርቆ ከነፎቶግራፉ ሪፖርት እንዲያደርግ የሚያዝ። የቀበሌው ጸሐፊ ሙአዊያ ሳምንቱን ሙሉ የተጣላ ሰው ሲፈልግ ሰነበተ። አንድ ባልና ሚስት አግኝቶ ነበር፤ እሱ እስኪደርስ በገዛ ራሳቸው ታረቁበት። በመሬት የተካሰሱ ወንድማማቾችም ነበሩ፤ እነሱ ግን የምር የተጣሉ ስለሆኑ አንድ ላይ ፎቶ ለመነሳት ፈቃደኛ አልሆኑም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ወደ ውሃው በሚወርደው መንገድ ሲያልፍ ጩኸት ሰማ።

«ጋሽ አብዱልሰመድ፣ ከጋሽ አራጋው ጋር ከተጣላችሁ ስንት ጊዜያችሁ ነው?»

«ማን ነው የተጣላ?»

«እሰማለሁ እኮ፣ በየጠዋቱ።»

«እያወራን ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ?»

«ገና መች ጨረስን!»

ሙአዊያ መዝገቡ ላይ «ሠላሳ ዓመት የዘለቀ ግጭት» ብሎ ጻፈ።

ነገሩ እዚያው ላይ ሊቀር ይችል ነበር። ግን ሙአዊያ ሽማግሌዎችን ይዞ መጣ። ፊት ፊት የሚሄደው ደግሞ የቅሬው ዳኛ ሀሚድ ነበር። ቅሬው የሰፈሩን ሰው፣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም፣ የሚቀብር ማኅበር ነው፤ ድንኳኑ የእሱ ነው፣ ድስቱ የእሱ ነው፣ ሬሳ የሚሸከመው ትከሻም የእሱ ነው። የቅሬ ዳኛ በሽምግልና ደጁ ድረስ መጥቶ «ታረቅ» ያለውን ሰው እምቢ ማለት በዚያ አገር አይታሰብም። «አልተጣላንም» ማለትም፣ አብዱልሰመድ ሲያስበው፣ ያው እምቢ ማለት ሆነበት፤ እነዚያ ሁሉ ነጭ የለበሱ ሰዎች በከንቱ ደክመው ይመለሳሉ። በአጥሩ ማዶ አራጋውን ተመለከተው። አራጋውም ትከሻውን ሰበቀ። ሁለቱም ይሉኝታ ይዟቸው ታረቁ።

ዕርቁ በቅሬው ዕቃ ቤት ደጅ ላይ ተደረገ። ዱአ ተደረገ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ፎቶ ተነሱ። ሙአዊያ ሦስት አንቀጽ ያለው ውል አነበበ። አንደኛ፣ አብዱልሰመድ ስለ ላዳዋ፣ አራጋው ስለ ቮልሷ በደግም በክፉም አይናገሩም። ሁለተኛ፣ ሁለቱን መኪናዎች ማወዳደር ለዘለዓለም ቀርቷል። ሦስተኛውን አንቀጽ ሙአዊያ ሰው ይሥቅ ብሎ የጨመረው ነው፤ ይህን ውል ያፈረሰ ሰው ከቅሬው ይወጣል፣ ሲሞትም ቅሬው አይሸከመውም፤ በገዛ መኪናው ይሂድ። ሰው ሣቀ፤ ሁለቱ ሰዎች ማሉ፤ ሀሚድም ማኅተሙን መታበት። ከዚያ በኋላ የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

በማግሥቱ ጠዋት አብዱልሰመድ ወጣ፣ አራጋውም ወጣ።

«እንዴት አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ቮልሷ አንዴ አሳለች፣ ሁለቴ አሳለች። አራጋው ከንፈሩን ነከሰ። አራጋው ላዳዋን በመዶሻ መታት። አብዱልሰመድ ወደ ሰማይ ተመለከተ።

«ዝናቡ ዘገየ» አለ።

«ዘገየ» አለ አራጋው።

የዚያን ዕለት ወሬ ይኸው ነበር። የሚቀጥለውም ዓመት እንደዚሁ። ዝናቡ ዘገየ፣ ዝናቡ መጣ፣ ዝናቡ በዛ። የሻዩ ብርጭቆ በአጥሩ ላይ እየተላለፈ ሳይጠጣ ይቀዘቅዝ ጀመር። አንድ ቀን ረቢያ ብርጭቆውን ስትሰበስብ አላስችላት አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ከታረቃችሁ ወዲህ ይሄ ቤት ለቅሶ ቤት መስሏል። ምን ነበረበት ተጣልታችሁ ብትኖሩ?»

«አልተጣላንም ነበር እኮ፣ ረቢያ።»

«እሱንማ ያኔ ብትሉ!»

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ጦርነቱ መጣ። ጥቅምት 2014 ላይ ከወደ ውጫሌ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ ሰው ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ደሴ ጎረፈ። ረቢያም ከእህቷ ጋር ሄደች። ሁለቱ ሰዎች ቀሩ። እያንዳንዱ «መኪናዬን ትቼ የት እሄዳለሁ» ይል ነበር፤ በእርግጥ ግን አንደኛው የቀረው ሌላኛው ስለቀረ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አምስት ታጣቂዎች የአብዱልሰመድን በር ገፍተው ገቡ። መኪና ይፈልጉ ነበር። አለቃቸው ቮልሷን ዞሮ አያትና የፊቱን ክዳን ከፈተ። ውስጥ አንድ ትርፍ ጎማና ረቢያ ከአርዲቦ አስመጥታ ያስቀመጠችው ግማሽ ኩንታል ሽንኩርት ነበር።

«ሞተሩስ?»

አብዱልሰመድ ውሸት አይወድም። «እዚያ ውስጥ የለም» አለ።

«ማን ወሰደው?»

«አላህ ያውቃል።»

ከታጣቂዎቹ አንዱ ደክሞት ስለነበር የቮልሷ የኋላ ክዳን ላይ ቁጭ አለ። ሞተሩ ከሥሩ ነው። አብዱልሰመድ ያን እያየ ወገቡ ድረስ ላብ አጠመቀው። አለቃው ሽንኩርቱን አሸክሞ ቀና ሲል፣ በአጥሩ ማዶ የቆመውን አራጋውን አየው።

«ሽማግሌ፣ የዚህ መኪና ሞተር የት ገባ?»

አራጋው መለሰለት። «ስለዚያ መኪና በደግም በክፉም እንዳልናገር በቅሬ ፊት ምያለሁ» አለው።

አለቃው መጀመሪያ አራጋውን፣ ቀጥሎ አብዱልሰመድን፣ በመጨረሻ ሽንኩርቱን ተመለከተ።

«እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸዋል?» አለና አጥሩን ተሻገረ። የላዳዋን የፊት ክዳን ከፈተው። ሞተሩ መሆን ባለበት ቦታ ነበር።

ቁልፉን ቢያዞሩት ላዳዋ ዝም አለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ አዞሩት። አራጋው መዶሻውን ከጀርባው ይዞ ቆሞ ነበር። በመጨረሻ አለቃው ተናደደና በጠመንጃው ሰደፍ ሞተሪኖውን መታው። ላዳዋ ወዲያው ተነሳች። አብዱልሰመድ አፉ ድረስ የመጣ ነገር ነበረው፤ ዋጠው። ላዳዋ ማሞቂያዋን እየነፋች፣ ታንከሯ ሙሉ ነው እያለች፣ አምስት ሰውና ግማሽ ኩንታል ሽንኩርት ጭና ከግቢው ወጣች።

አራጋው መዶሻውን በጥንቃቄ መሬት ላይ አስቀመጠና ወደ ቤቱ ገባ።

አብዱልሰመድ ከዚያ ቀን ጀምሮ የማይለቀው ሐሳብ ያዘው። አራጋው አንድ ቃል ብቻ ቢናገር፣ «ከኋላ ነው» ቢል፣ ቮልሷ ትሄድ ነበር፤ ላዳዋም ምናልባት ትቀር ነበር። ሰውዬው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ሒሳብ አስተማሪ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ሰው ተመለሰ። ረቢያም መጣች። አራጋው ግን ስለ ዝናቡም መናገር አቆመ። «እንዴት አደርክ» ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል። የረቢያን ምግብ በአጥሩ ላይ ይቀበልና ሳይነካው በዚያው ሳህን ይመልሳል። ቀበቶውን በየሳምንቱ አንድ ቀዳዳ ያስገባል፤ አብዱልሰመድ ልብስ ሰፊ ነውና ሳይለካው ሰውዬው በወገቡ ስምንት ሴንቲ ሜትር እንደቀነሰ አወቀ።

አንድ የአይሱዙ ሾፌር አንዲት ሰማያዊ ላዳ ከውጫሌ አለፍ ብሎ ቦይ ውስጥ አየሁ አለ። አብዱልሰመድ አራጋውን በቮልሷ ጭኖ ሄደ። አገኟት። ጎማ የላት፣ በር የላት፣ ወንበር የላት፣ ሞተር የላት። የቤንዚን መለኪያው ብቻ በቦታው ነበር፤ መርፌው ሙሉ ላይ እንደቆመ። አራጋው ጎንበስ ብሎ መለኪያውን ፈታና ኪሱ ከተተው።

ሲመለሱ ቮልሷ ዳገቱ ላይ አሳለች፣ ተንገራገጨች፣ ግመል የጫነ አይሱዙ ቀድሟት አለፈ። አብዱልሰመድ ቀስ ብሎ በጎን አየው። በድሮው ቀን ይህ ዳገት ብቻውን የአንድ ወር ስድብ ነበር። አራጋው በመስኮቱ ወደ ውጭ ይመለከታል።

ማታውን ረቢያ እራት አቅርባ ተቀመጠች።

«ሰውዬው ሊሞትብህ ነው።»

«አያለሁ።»

«እንግዲያ አንድ ነገር በለው!»

«የማልለው ነገር ነው ያለኝ፣ ረቢያ። ምያለሁ።»

ከጦርነቱ በኋላ የመጀመሪያው የቅሬ ስብሰባ ጥር ላይ ሆነ። የተሰበሰቡት የተዘረፉትን የቅሬውን ድስቶች ለመተካት ነበር። አብዱልሰመድ ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ቮልሷን ደጁ ላይ አቁሞ ገባ። ዱአ ተደርጎ የድስቱ ነገር እንዳለቀ ተነሳ።

«የምናገረው ስለ አራጋው ላዳ ነው።»

ሀሚድ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አብዱልሰመድ፣ በአላህ ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም። ያች ላዳ ከተሠራች ጀምሮ አንድም ቀን መኪና ሆና አታውቅም። ጎማ የገጠሙላት ምድጃ ናት። ውሃ ትጠጣለች እንጂ አትሄድም። መለኪያዋ ቀጣፊ ነው። ለዘራፊ እንኳ አልሆነችም! ውጫሌን እንዳለፈች ጥላቸው ተኛች። ቮልሴን ወስደው ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይነዷት ነበር።»

አራጋው ጥግ ላይ ተቀምጦ መለኪያውን በመዳፉ ይዞ መሬት መሬቱን ያያል። ቀና አላለም።

ሀሚድ ከብረት ሣጥኑ ውሉን አወጣ። መነጽሩን አደረገ። ሦስተኛውን አንቀጽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

«ሰምተሃል። አውፍ በሉኝ ብለህ ቃልህን አንሳ፣ እኛም አልሰማንም።»

አብዱልሰመድ ዙሪያውን አየ። በዚያ ዓመት ቅሬው የተሸከመውን ሰው ቁጥር ያውቃል፤ ከፈኑን የቀደደው እሱ ነው። በነዚህ ትከሻዎች መሄድ ምን እንደሆነ፣ ያለነሱ መሄድም ምን እንደሆነ ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ወደ አራጋው ዞረ። የአራጋው ቀበቶ ከመጨረሻው ቀዳዳ አልፎ በሚስማር ተበስቶ ነበር።

«አላነሳም» አለ።

«እንግዲያ ምን እናድርግ» አለ ሀሚድ፤ «ከቅሬው ወጥተሃል። ቀንህ ሲደርስ በቮልስህ ትሄዳለህ።»

ከጥጉ በኩል የዛገ ድምፅ መጣ።

«አይገባም።»

ሁሉም ዞረ። አራጋው ነበር።

«ምኑ ነው የማይገባው?» አለ ሀሚድ።

«ሰውዬው! አንድ ሜትር ከሰባ ዘጠኝ ነው። ቮልስ ውስጥ የት ሊተኛ ነው? ይሄ ቅጣት ሊፈጸም አይችልም።»

የአብዱልሰመድ ልብ ዘለለች። ፊቱን ግን አኮሳተረ። «በሰያፍ እገባለሁ» አለ።

«ሰያፉን ለኔ ትነግረኛለህ? ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩትን!» አራጋው ተነሳ። ከአብዱልሰመድ አንገት ላይ ሜትሩን መንጭቆ ወጣ፤ ስብሰባውም ተከትሎት ወጣ። ቮልሷን ከፈተ፣ ከመሪው ሥር እስከ ኋላው ወንበር ጥግ ለካ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አሰላ። «ሃያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ትተርፋለህ። አታምነኝም? ግባ ተኛ!»

አብዱልሰመድ ጫማውን አውልቆ ገባና ተጋደመ። እጆቹንም እንደ ሬሳ ገጠመ። ሁለት እግሮቹ ከነካልሲያቸው በመስኮት ወጡ።

«ይኸው!» አለ አራጋው፣ እግሮቹን ለሕዝቡ እያሳየ። «ላዳ ብትሆን የፊት ወንበሯ ወደ ኋላ ይጋደማል። ሰው ሙሉ ቁመቱን ተዘርግቶ፣ ሙቀት እየበላው ይሄድ ነበር።»

«ለሬሳ ሙቀት ምን ያደርግለታል?» አለ አብዱልሰመድ ከውስጥ።

«አንተ ዝም በል፣ ሞተሃል!»

«አራጋው!» ጮኸ ሀሚድ። «አንተም ውል እያፈረስክ ነው።»

«ጻፈኝ!»

«ትወጣለህ እኮ!»

«አውጣኝ!»

ሀሚድ ወረቀቱን አየ። ውሉ «በገዛ መኪናው ይሂድ» ይላል፤ አራጋው ደግሞ መኪና የለውም። ቅሬው በዚህ ላይ ግማሽ ሰዓት ተወያየ። አንዳንዱ መኪና የሌለው ሰው ሊቀጣ አይገባም አለ፤ አንዳንዱ ላዳዋ ከቦዩ ትምጣና ትጎተት አለ። በመጨረሻ ሀሚድ ፈረደ፤ አራጋውም ቀኑ ሲደርስ በአብዱልሰመድ ቮልስ ይሄዳል።

«በዚች?» አለ አራጋው። «በዚች የሳል በሽተኛ?»

«ተፈርዷል።»

ሁለቱ የተባረሩ ሰዎች በቮልሷ ወደ ቤታቸው ሄዱ። መንገድ ላይ አራጋው መለኪያውን ከኪሱ አውጥቶ፣ አብዱልሰመድን ሳያስፈቅድ፣ ከቮልሷ መሪ አጠገብ ባለ ስንጥቅ ውስጥ ሰካው። «መለኪያ ማለት እንዲህ ነው። አንተ ታንከርህን በሽመል ስትለካ የኖርክ ሰው» አለ። መለኪያው ሙሉ ነው አለ። ሁለት መቶ ሜትር እንደሄዱ ቮልሷ ቤንዚን ጨርሳ ቆመች።

ወርደው መግፋት ጀመሩ፣ አንደኛው በግራ ሌላኛው በቀኝ።

«ያንተ መለኪያ አቆመን» አለ አብዱልሰመድ።

«ያንተ መኪና ናት የቆመችው። መለኪያውማ እንዳለ ነው።» አራጋው ትንፋሽ እስኪያጥረው ገፋና ቀና አለ። «ስማ፣ የቀለድኩ እንዳይመስልህ። በግሸኗ ማርያም፣ እኔ በቮልስ አልቀበርም። ላዳ እስኪገኝ ድረስ አልሞትም።»

«ላዳ በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል?»

«አይገኝም» አለ አራጋው። «ግፋ፣ ዝም ብለህ አትደገፍ።»